ደወሉን ማንም አይንካ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ትንፋሿ ነው። ኬክ ላይ ስትጽፍ አትተነፍስም። የክሬሙን ከረጢት በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ትላለች፤ ከጫፉ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ የኬኩን ፊት ልትነካ ስትል ደረቷ ቀጥ ይላል፤ «እንኳን» ብላ ጽፋ እስክትጨርስ አየር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ትረሳዋለች። ከዚያ ቀና ትልና ትተነፍሳለች። ደግሞ ጎንበስ። «ደስ»። ደግሞ ትንፋሽ። «ያለሽ»። ሌላው ሰው በትንፋሹ መካከል ይናገራል፤ እሷ ግን በቃሎቿ መካከል ትተነፍሳለች።

ኬክ ቤቱ ሁለት መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ከፊት መስታወት ያለው ፍሪጅና ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉ፤ ከኋላ ምድጃው አለ፤ በሁለቱ መካከል አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ተጣብቃለች። የእሷ ግዛት ይህቺ ናት። የብረት ጠረጴዛዋ ላይ የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ስልክ የምታቆምበት የእንጨት ማስደገፊያ ተመትቷል። ደንበኛ በመልእክት የላከውን ጽሑፍ ከዚያ እያየች ትገለብጣለች። አንዲት ፊደል አትጨምርም፣ አትቀንስም። «ለውዷ ባለቤቴ፣ ብታስቸግሪኝም» ብሎ ያዘዘ ሰው ነበር፤ እንዳለ ጻፈችለት። ሰውየው በማግስቱ ፊቱን አጨማዶ መጥቶ፣ «ምነው ሁለተኛው መስመር ላይ ክሬሙ ባለቀብሽ ኖሮ!» አላት።

ጋጋሪው ቅንድቡ ከዱቄት ተለይቶ የማያውቅ ግዙፍ ሰውዬ ነው። «ዋና ጸሐፊ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«ዋና ጸሐፊ፣ ዛሬ ስንቱን ነው እንኳን ደስ ያለህ የምንለው?»

«ብዙ ነው። አንተ ብቻ ኬኩን አታሳርር። ባረረ ነገር ላይ እንኳን ደስ ያለህ አይጻፍም።»

የቤቱ ባለቤት ደግሞ ከኋላው «ጨው» ይባላል፤ ከፊቱ «ጋሼ»። በስኳር ተከብቦ ስኳር የማይቀምስ፣ ፈገግታውንም እንደ ቫኒላ በጠብታ የሚለካ ሰው ነው። ክፉ ግን አይደለም። ፈሪ ነው። የሚፈራውም ደወሉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬክ ቤቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ፔጅ የከፈተ ሰሞን ጋሼ ስልኩን ከእጁ አላወርድ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ከላይ ያለችውን የደወል ምልክት ነካት። ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው «ኬካችሁ ግድግዳ ይሠራበታል» ብሎ ጽፎ ጠበቀው። ጋሼ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ራትም አልበላም። በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንደ አዋጅ ተናገረ።

«ትእዛዝ በመልእክት ሳጥን ነው የሚመጣው፤ እሱን ክፈቱ። ደወሉን ግን ማንም አይንካ! እዚያ ውስጥ ያለው ስድብ ብቻ ነው።»

«ሌላም ነገር ሊኖርበት ይችላል እኮ፣ ጋሼ» አለ ጋጋሪው።

«ምን ሊኖር? ሰው ሲጣፍጠው አፉ ሙሉ ነው፣ አይናገርም። ሲከፋው ነው የሚጽፈው። ማንም አይንካ ብያለሁ።»

ማንም አልነካም። ደወሉ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ቁጥሯን አዝላ እያበጠች፣ እያበጠች ሄደች።

ፔጁን በዋና ጸሐፊዋ ስልክ ላይ ያስገባላት ጋሼ ራሱ ነው፤ የደንበኞችን ጽሑፍ እንድታይበት። ስሕተቱም የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ የፔጁ ምስል አድርጎ የለጠፈው እሷ የሠራችውን ባለ ሦስት ፎቅ ነጭ ኬክ ነበር። እሷም በራሷ ስም ገጽ ስትከፍት ፊቷን ለሰው ማሳየት አፈረችና ያንኑ ኬክ ለጠፈች። ስልኳን ስትከፍት ከላይ ያቺ ነጭ ኬክ ትታያታለች፤ «እኔ ነኝ» ብላ ትገባለች። ከጎኑ የተጻፈውን ስም አታነብም። የራሱን ስም ቆሞ የሚያነብ ማን አለ?

ስልኩን የምትከፍተው ደግሞ ለአንድ ሰው ብላ ነበር፤ ለታላቅ እህቷ።

እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያጣላቸው ኬክ ነው። ታላቅየዋ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ደርባባ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ፣ የምትወደውን ሰው ዘግይታ ያገኘች። በልደቷ ቀን እጮኛዋንና እናቱን ቤቷ ጋበዘች፤ ኬኩን ታናሿ እንድትሠራላት ለመነቻት። ታናሿም እጇ ላይ ያለውን ሙያ ሁሉ አፈሰሰችበት፤ ጽጌረዳው፣ ቅጠሉ፣ እንደ ዳንቴል የተሠራው ጠርዝ። ከዚያ እንደ ሥራዋ ልማድ፣ እጇ ራሱን አዝዞ፣ ከስሟ ሥር ዕድሜዋን ጻፈ። የልደት ኬክ ሲታዘዝ ስምና ዕድሜ ነው የሚጻፈው፤ አላሰበችበትም። አርባ ሦስት። ታላቅየዋ ግን ለእጮኛዋ የነገረችው ሠላሳ ሰባት ብላ ነው። የሰውየው እናት መነጽራቸውን አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ኬኩ ላይ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

እንግዶቹ ሲወጡ ታላቅየዋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«ዕድሜዬን በክሬም ጻፍሽው! ያውም በቀይ!»

«እትዬ፣ እጄ ነው እኮ። ለምዶበት…»

«እንግዲያው እጅሽን ይዘሽልኝ ውጪ! ሁለተኛ በሬ ላይ እንዳላይሽ።»

ሰውየው ሳቀና አገባት፤ የቀረ ነገር አልነበረም። ኩርፊያ ግን ምክንያቱ ካለፈም በኋላ የሚኖር ነገር ነው፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሲግል እንደሚያድር ምድጃ። ታናሿ ደወለች፤ አልተነሳም። ሰው ላከች፤ «ዝም አይነቅዝም በሏት» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ወዲያ በሩን የምታንኳኳበት ድፍረት አጣች። እናትና አባታቸው ካለፉ ቆይተዋል። በዚህ ዓለም «ጩጬ» ብሎ የሚጠራት ያቺ እህቷ ብቻ ነበረች። አርባን ለደፈነች ሴት «ጩጬ» የሚላት ሰው ማጣት ቀላል አይምሰላችሁ፤ አንድ ቀን በድንገት ማርጀት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ታላቅየዋ በረንዳዋ ላይ ያሳደገቻቸውን አበቦች ፎቶ ለጥፋ ታናሿ አየች። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ሆኖ ከቆርቆሮው ላይ ተንጠልጥሎ የሚስቅ። ዋና ጸሐፊዋ ትንፋሿን ያዘች፣ ጻፈች፣ ላከች፣ ተነፈሰች።

አበቦችሽ ያምራሉ።
እጅሽ ይባረክ።

ከሥሩ አንዲት የአበባ ምልክት። ሦስት መስመር መሆኑ ነው። ኬክ ላይ ከዚያ በላይ አይበቃም፤ ሌላ ርዝመትም አታውቅም። «እትዬ» ልትል አስባ ነበር፤ ፈራች።

መልስ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ወደዚያ ፎቶ አልተመለሰችም። ኬክ ጸሐፊ የጻፈውን ተመልሶ አያነብም፤ ኬኩ በሩን ከወጣ ወጣ ነው። ይቆረጣል፣ ይበላል፣ ያልቃል። ባነበቡት ሰዎች ፊት ላይ ምን ብርሃን እንደበራ ጸሐፊው አያይም። እሷ ሃያ ዓመት የኖረችው እንደዚህ ነው። መልስ ካለ ስልኩ ይጠራል ብላ ታስባለች፤ የደወሉን ምልክትማ ከጋሼ አዋጅ ወዲህ በራሷ ገጽም ላይ አትነካም። ስልኩ አልጠራም። እህቷ ሌላ ፎቶ ስትለጥፍ ደግሞ ጻፈች። ደግሞ አልጠራም። ደግሞ ጻፈች።

በሙያው ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ከረጢት ውስጥ የገባ ክሬም ወደ ሳህኑ አይመለስም። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ያገኘችበት ታፈሰዋለች፤ ብስኩት ላይ አበባ፣ ለጋጋሪው ቁርስ ዳቦ ላይ ጢም ያለው ፊት። ቃልም እንዲሁ ሆነባት። ለእህቷ ብላ የጫነችው ቃል በሦስት መስመር አላልቅ አላት፤ የተረፈውን ለማታውቀው ሰው ሁሉ ማደል ጀመረች። ፈተና ወድቃ ስታለቅስ ራሷን ለቀረጸች ተማሪ «ፈተናው ይደገማል። አንቺ ግን አንድ ነሽ» አለቻት። በገዛ እጁ የሠራውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ለለጠፈ ሰው «ትንሽ ተጣሟል። ግን መጽሐፎቹ አልወደቁም» አለችው። ድመታቸው ለጠፋችባቸው አሮጊት «የበላችበትን ቤት አትረሳም» ብላ ጻፈችላቸው። ሁሉም ሦስት መስመር፣ ሁሉም በአበባ የሚያልቅ።

ከዚያ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር መጣ። ሴትየዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ጠዋት የመስኮቱን መስታወት ስትወለውል፣ ቆርቆሮዎቿን በሙቅ ውሃ ስታጥብ፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣ ቀጭን ዜማ ይሰማ ነበር። ጋጋሪው አንድ ቀን ሊጥ ባቦካበት እጁ በሩን ተደግፎ አያት።

«እኔ ምለው፣ ለማታውቂው ሰው ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የምትጽፊው?»

«ኬኩንስ የምጽፈው ለማውቀው ነው?»

«እሱስ ደሞዝ አለው።»

«ይሄም አለው።»

«ምን?»

በጣቷ ደረቷን ነካ ነካ አደረገች። ሸሚዟ ላይ ሮዝ ክሬም ቀረ፤ ጋጋሪውም ሳቀ። ግን ሲመለስ እሱም ያንጎራጉር ነበር።

እህቷ ብቻ ዝም አለች። ደስታዋ ውስጥ ያቺ አንዲት ቦታ ክሬም እንዳልደረሳት የኬክ ጥግ ባዶዋን ቀረች።

አንድ ረፋድ ላይ ትከሻው ላይ የብረት ሣጥን የተሸከመ፣ እስከ ጉልበቱ የረጠበ ወፍራም ሰው ገባ።

«ኬክ ቤቱን ፈልጌ ነበር» አለ።

«ገብተህበታል» አለ ጋሼ።

«አይ፣ ቤቱን አይደለም። የሚጽፈውን።»

«የሚጽፈውን?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ ላይ እዘፍናለሁ፤ መታጠቢያ ቤት ድምፅ ያሳምራል። አንድ ቀን ራሴን ቀርጬ ለጠፍኩት። ሰዉ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ቧንቧውንም አፍህንም ዝጋ!' ላጠፋው ስል እናንተ ጻፋችሁልኝ። አላጠፋሁትም። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ልዘፍን ነው። ያንኑ ጽሑፍ ኬክ ላይ አድርጉልኝ።»

ጋሼ ገረጣ። «እኛ ነን የጻፍንልህ? ምን ብለን?»

ሰውየው ስልኩን ዘረጋለት። ጋሼ እንደ ጋለ መጥበሻ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባና ለዋና ጸሐፊዋ ሰጣት። «እስቲ ገልብጪለት። ስድብ ከሆነ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ስልኩን ማስደገፊያው ላይ አቆመች። ከረጢቱን አነሳች፣ ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ቀና ብላ አነበበች።

ሰው ይሳቅ።
አንተ ዝፈን።
ቧንቧው ይሰማሃል።

ከመጨረሻው ቃል ጎን አበባ። ከላይ ደግሞ ነጯ ኬክ፣ ከጎኗ የኬክ ቤቱ ስም።

የገዛ ልጁን ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘው አያውቀውም እንዴ? ቃሎቿን አወቀቻቸው። ስሙ ግን የእሷ አልነበረም። ክሬሙ ከከረጢቱ ጫፍ ጠብ አለ፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ኧረ ተንፍሺ!» አለ ጋጋሪው ከወዲያ።

ተነፈሰች። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። በስሜ የጻፍኩ መስሎኝ ነው።»

«በማን ስም ኖሯል?»

«በርስዎ።»

የራሷን ስልክ አወጡ፤ ሁለቱን ነጭ ኬኮች ጎን ለጎን አስተያዩ። ጋሼ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስንት ሰው ላይ ጻፍሽ?»

«የተረፈኝን ያህል።»

«አቤት ጉዴ! ኬክ ቤቴ በየሰው ቤት እየገባ አይዞህ፣ አይዞሽ ሲል ከርሟል!»

«ጥሩ ኬክ ቤት ነዋ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ሌላ ነገር መጥቶባት እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ለእህቷ የጻፈችው ሁሉ! «እጅሽ ይባረክ» ያለቻት እሷ አይደለችም፤ ኬክ ቤት ነው። እህቷ ከእሷ አንዲት ቃል አልደረሳትም። መልሳም ከሆነ መልሱ የሄደው…

ሁሉም ቀይዋን ነጥብ አዩ።

«ጋሼ፣ ደወሉን ልክፈተው።»

«አይሆንም!»

«እህቴ እዚያ ውስጥ ትኖር ይሆናል።»

ጋሼ ወለሉን አየ። የእህትማማቾቹን ነገር ያውቃል፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«የተደፈነ ቧንቧ ቢፈሩትም ቢሸሹትም አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ጋሼ» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሣጥኑን መሬት እያስቀመጠ። «ከሙያዬ ነው የምነግርዎት።»

«ክፈቱት እንግዲህ» አለ ጋሼ ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሰጥቶ። «እኔ ግን የለሁበትም።» ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ጋጋሪው ግን አየው፤ የቀኝ እጁ አንድ ጣት ላላ ብላ ነበር።

ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ደወሉን ነካ። ከዚያ እየጮኸ ማንበብ ጀመረ።

«'ፈተናውን ደገምኩት፣ አለፍኩ! እናንተ ኬክ ቤቶች፣ ሰው ናችሁ እንዴ?' ይሄ አንድ። 'መደርደሪያውን አቀናሁት። አሁን የተጣመመው ግድግዳው ነው።' ሃ! ደግሞ ይሄን ስሙ፤ 'ልጆቼ፣ ድመቴ ተመለሰች። ወፍራ ነው የመጣችው። እናንተ ጋ ነበረች አይደል?'»

ቧንቧ ሠራተኛው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጋጋሪው ቀጠለ፤ አንዱ ያመሰግናል፣ አንዷ ትመርቃለች፣ አንዱ ከባድ ቀን ላይ እንደደረሱለት ይናገራል። በመሃል ድንገት አቆመ።

«ምነው?» አሉት።

«ሰውየው ተመልሶ መጥቷል። 'ኬካችሁ ዛሬም ግድግዳ ይሠራበታል' ይላል።»

የጋሼ ጀርባ ኩርምት አለ። የማይሰማው ጆሮው ሰምቷል።

«ቆይ፣ ከሥሩ አንዲት ሴት መልሳለታለች። 'እኔ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ብኖር ደስ ይለኛል።'»

ጋሼ ቀስ ብሎ ዞረ። እጁ ከጆሮው ወርዷል። «ድገመው እስቲ» አለ። ጋጋሪው ደገመው። «እንደገና።» እንደገና አነበበው። ጨው የተባለው ሰውዬ ያን ጊዜ ፈገግ አለ፤ በጠብታ አይደለም።

ዋና ጸሐፊዋ ስልኩን ከጋጋሪው እጅ ተቀበለች። በጣቷ እየገፋች ወደ ታች ወረደች። የእህቷን ስም አገኘችው። አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ሥር ተሰልፎ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር አንድ መልስ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «እናመሰግናለን። ግን ኬክ አላዘዝንም።»

ቀጥሎ፤ «አበባዬን ለምን እንደወደዳችሁት አልገባኝም፤ የሚበላ አይደለም።»

ከዚያ ጆሮው በተሰበረ ድስት ውስጥ የበቀለ አበባ ያለበት ፎቶ መጣ። እሷ ከሥሩ «ድስቱ የእማዬ ነው አይደል?» ብላ ጽፋ ነበር። ረስታዋለች። እህቷ የመለሰችውን ስታነብ ድምፅ አወጣች።

«ኬክ ቤቱ የእማዬን ድስት ከየት ያውቀዋል?»

ወዲያው ደግሞ፤ «ጩጬ? አንቺ ነሽ?»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እህቷ የጻፈችው ለእሷ ነበር። «ኬክ ቤት ውስጥ ተደብቀሽ ነው የምታዪኝ?» ትላለች። «እኔ እኮ ቂሙን ትቼዋለሁ። ዕድሜዬን አሁን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉልበቴ ራሱ ደረጃ ስወጣ ይናገራል።» ደግሞ፤ «ለነገሩ ባሌም አምስት ዓመት ቀንሶ ነው የነገረኝ። እሱን ኬክ ላይ የጻፈበት ስለሌለ ተረፈ።» ደግሞ፤ «ምነው አትመልሺልኝም? ሦስት መስመር ወርውረሽ ትሄጃለሽ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

የመጨረሻው አጭር ነበር። «ተይው። ኬክ ቤት አያናግርም። ካሁን በኋላ አልጽፍም።»

ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አንዷ በሩ ውጭ፣ አንዷ በሩ ውስጥ ቆመው፣ ሁለቱም «አትከፍትልኝም» እያሉ ከርመዋል። አሁን ደግሞ አንደኛዋ ልትሄድ ነው።

«መልሺላት!» አለ ጋጋሪው።

«ምን ብዬ?»

«ሃያ ዓመት ጽፈሽ ምን ብዬ ትያለሽ?»

«የሰው ነው እኮ የጻፍኩት! ሰው ያዘዘኝን ነው!»

«እኔ ልዘዝሽ» አለ ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቶሎ በይ። የምወደውን ሰው ምን ብዬ እንደምጠራው፣ እሱን ጻፊልኝ።»

ትንፋሿን ያዘች። አንድ ቃል ጻፈች፤ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችውን። «እትዬ።» ላከችው። አልተነፈሰችም።

አራቱም ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ምድጃው ውስጥ ያለው ዳቦ መቅላቱን አለፈ፤ ማንም አላሸተተም። ከዚያ መልሱ ብቅ አለ።

«አቤት፣ ኬክ ቤት።»

አሁንም በኬክ ቤቱ ስም ነበር የላከችው! ጋጋሪው ጭኑን መታ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳው እስኪያስተጋባ ሳቀ፤ እሷ ግማሹን እያለቀሰች፣ ግማሹን እየሳቀች፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ አላየሁትም፣ አንዱንም አላየሁትም፣ ደወሉን አትንኩ ተብለን ነው» ብላ ጻፈች፤ በሕይወቷ ከሦስት መስመር ያለፈ ነገር ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እህቷ ሌላውን ሁሉ አልጠየቀችም።

«ነገ ነይ። ኬክ ይዘሽ ነይ። ግን ምንም እንዳትጽፊበት! ያሁኑን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«ዳቦው!» ብሎ ጋጋሪው ያን ጊዜ ሮጠ። ከሰል ሆኗል። ጋሼ ከሰሉን ዓይቶ፣ «እሱን ለዚያ ግድግዳ ለሚሠራው ሰውዬ አስቀምጡለት» አለ። ሠራተኞቹ ጋሼ ሲቀልድ ሰምተው አያውቁም፤ መጀመሪያ ለመሳቅም ፈሩ።

ያን ዕለት ከሰዓት የቧንቧ ሠራተኛውን ኬክ ጻፈች። «ቧንቧው ይሰማሃል» ስትል እጇ እንደ ድንጋይ የጸና ነበር። ጋሼ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ደወሉን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ዋለ። በመጨረሻ ደፈረና እሱም ለአንድ የማያውቀው ሰው ኮመንት ጻፈ፤ አዲስ ብስክሌት ለገዛ ወጣት። «ጥሩ ነው» የሚል ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ከዚያ ፈተና እንደ ሰጠ ተማሪ ስልኩን በየደቂቃው ያያል። ልጁ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ ሲመልስለት ሱቁን አቋርጦ መጥቶ አሳያት።

«ጋሼ መሆኔን በምን አወቀ?»

«ከአጻጻፍዎ ነዋ።»

በማግስቱ ጠዋት ኬኩን ሠራች። ክብ፣ ነጭ፣ ፊቱ እንደ ረጋ ወተት ለስላሳ። ቢላዋውን በሙቅ ውሃ እያረጠበች አስተካከለችው፣ ደግማ አስተካከለችው፤ ከዚያ እጇን ከኋላዋ አሰረች። እጇ በልቷታል። ባዶ ኬክ ለእሷ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው።

«አንዲት ነጥብ ብቻ» አለ ጋጋሪው ሊያስታት። «ጥግ ላይ። ማንም አያያትም።»

«ሂድ አንተ ሰይጣን!»

ትንሽ ከረጢት በክሬም ሞላች። ሌላ ቀለም ነበራት፤ ቀዩን መረጠች። አፉን አስራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኬኩን ሣጥን ውስጥ ያስገባው ጋሼ ነው፤ ሪባኑንም በገዛ እጁ አሰረ፣ ተጣመመበት፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ።

«ዛሬ አትመለሺ» አላት። «እህትሽንም ሰላም በይልኝ። በኬክ ቤቱ ስም።»

«እሷን የኬክ ቤቱ ስም ሰልችቷታል፣ ጋሼ።»

ሣጥኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ደግፋ ወጣች። ጋጋሪው በዱቄት እጁ፣ ጋሼ በስልኩ፣ በሩ ላይ ቆመው ተመለከቷት። «በርቺ፣ ጩጬ!» ብሎ ጋጋሪው ጮኸ። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ዞር ብላ ግን አላየችም፤ ኬክ የያዘ ሰው ዞር አይልም። የማለዳው ፀሐይ ሣጥኑን ከፊቷ አብርቶት ነበር። መንገዱ ዳር ደርሳ ቆመች። ደረቷ ቀጥ ማለቱ ከኋላ ይታወቃል። ትንፋሿን እንደያዘች በመኪኖቹ መካከል ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስ ትከሻዋ ወረደ። ተነፈሰች። ከዚያ በሰዎቹ መካከል፣ እርምጃ በእርምጃ፣ እየራቀች ሄደች።